ፎቶ እያየሁ እስላለሁ፣ እናቴን ግን መሳል አቃተኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። 27 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወዳለሁ። ስልኬ ላይ ፎቶ እከፍትና ካሬ ካሬ አስምሬበት፣ ወረቀቱንም እንደዚያው አስምሬ እስላለሁ። የዘፋኞችና የኳስ ተጫዋቾች ፊት ቁርጥ አድርጌ አወጣለሁ፣ ሰውም ያደንቀኛል። ባለፈው እሁድ ግን እናቴ ቡና እያፈላች "እስቲ ዛሬ እኔን ሳይኝ" አለችኝ። እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር እንኳ ጠፋኝ። ፊቷ ቀርቶ ጀበናው ራሱ ተጣመመብኝ። ተናድጄ ወረቀቱን ቀደድኩት። ማታ ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ አንዱ መስመር ተለማመዱ ይላል፣ አንዱ ሳጥን ሳሉ ይላል፣ ሌላው ዝም ብላችሁ የምትወዱትን ሳሉ ይላል። ትምህርት ቤት ለመግባት ጊዜም ገንዘብም የለኝም። በቀን አንድ ሰዓት ግን አላጣም። ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው? ከሀ ሁ ልጀምር ብልስ ከየት ነው የሚጀመረው? ጥሩ የእርሳስ ስብስብስ ልግዛ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ወረቀት ባይቀደድ እንዴት ጥሩ ነበር። ከአሁን በኋላ ምንም አትቅደጂ። ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፊና አስቀምጪው፣ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ተሰጥኦው በቀጥታ ልመልስልሽ። የለሽም ማለት አይደለም። ያልተማርሽውን ነገር ነው የተጠየቅሽው። ፎቶ በካሬ ስትገለብጪ ሥራሽ እዚህ ካሬ ውስጥ ያለውን ጥቁርና ነጭ እዚያኛው ካሬ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይሄ ራሱ ቀላል አይደለም። ዓይንሽን ጥንቁቅ ያደርገዋል፣ እጅሽም ሼድ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላ መቀባት፣ ማለስለስ ይለምዳል፣ ወደፊት ይጠቅምሻል። ግን ከባዱን ሥራ ካሜራው ቀድሞ ጨርሶልሻል። ጥልቀት ያለውን ነገር ጠፍጣፋ ያደረገው እሱ ነው፣ የትኛው መስመር ወዴት እንደሚያዘነብል የወሰነው እሱ ነው፣ ሰውየውን አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመልሽም እሱ ነው። እናትሽ ፊትሽ ሲቀመጡ ያን ሁሉ አንቺ ራስሽ መሥራት ነበረብሽ። ያውም ቡና የሚያፈላ ሰው አንድ ደቂቃ አይረጋም! ይልቅ የሚገርመኝ ሞክረሽ ቁጭ ማለትሽ ነው።

ደግሞ ይሄን ሥራ ማንም ይዞት አይወለድም። ሰው በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ግሩም ሥዕል ሲሠራ ኖሯል። ነገር ግን በርቀት ያለው ነገር በምን ሕግ እያነሰ እንደሚሄድ ጣሊያን አገር ፍሎሬንስ ውስጥ ብሩኔሌስኪ የሚባል አርክቴክት ያሳየው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። አልቤርቲ የሚባል ሌላ አርክቴክት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1435 ዘዴውን ጽፎ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ያለ ሠዓሊ ተቀምጦ ይማረዋል። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፦ ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይኑ ይሥሉታል። እሱም ቢሆን ከመምህር ሥር ተቀምጦ፣ የመምህሩን ንድፍ እየገለበጡ የሚማሩት ነበር። ስለዚህ መገልበጥ ነውር አይደለም። የእነሱ መገልበጥ ግን ሕጉን እጃቸው ውስጥ ያስገባ ነበር፣ የካሬው ዘዴ ደግሞ ሕጉን ሳታውቂ እንድትጨርሺ ያደርግሻል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

እሺ፣ ከየት ይጀመር? ከመስመር። አውቃለሁ፣ ይደብራል። ግን እመኚኝ።

ማስመሪያውን ወዲያ በይው። ላጲሱንም መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። እስክሪብቶ ውሰጂ፣ የተለመደው ቢክ ይበቃል፣ መስመር የሌለው ወረቀትም አምጪ። በአንድ ስንዝር ርቀት ሁለት ነጥብ አድርጊ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሳይነካ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ በአየር ላይ አመላልሺው። እጅሽ መንገዱን ሲለምደው አንዴ ብቻ፣ ሳትቆሚ፣ ሳትፈሪ አስምሪ። እንቅስቃሴው ከትከሻሽ ይምጣ። የእጅ አንጓ ለጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ለረጅም መስመር ግን አይበቃም፣ ለዚህ ነው መስመሩ ሳታስቢው ቅስት የሚሆንብሽ።

መስመሩ ነጥቡን ሳተ? ይሳት። ደግመሽ እላዩ ላይ አታስምሪ። አዲስ ሁለት ነጥብ አድርጊና ቀጥዪ። ጀማሪ አንዱን መስመር በትናንሽ ጭረት እየቀጣጠለ ስለሚሠራው መጨረሻ ላይ ፀጉር ያበቀለ ይመስላል። ሲያዩት ፍርሃቱ ሁሉ ይታያል። እስክሪብቶ ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ በእርሳስ ስትሠሪ ላጲስ አለ እያልሽ ትዘናጊያለሽ፣ በእስክሪብቶ ግን ከማስመርሽ በፊት ታስቢያለሽ።

መስመር ሲሰለችሽ ሐረግ ሥሪ። በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስ ላይ ያለውን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ማለቴ ነው። አንዱ ክር ከሌላው በላይ ያልፍና ቀጥሎ ከሥር ይገባል፣ ስፋቱ ግን እስከ መጨረሻው እኩል መሆን አለበት። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮችን ሳይጠጋጉ ሳይራራቁ እያጠማዘዙ መውሰድ እጅን እንዴት እንደሚገራ ስትሞክሪው ታዪዋለሽ። ስትጨርሺው ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ይወጣዋል።

ቀጥሎ ሞላላ። ጀበናው የተጣመመብሽ እዚህ ላይ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ሲኒ አምጪና ጠረጴዛ ላይ ፊትሽ አስቀምጪው። አፉ ክብ መሆኑን ታውቂያለሽ። ካለሽበት ሆነሽ ስታዪው ግን ሞላላ ነው። ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ከሲኒው አፍ እኩል አድርጊ፤ ሞላላው ጠቦ ጠቦ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ቀስ እያልሽ ተነሺ፤ ይከፈታል። ቆመሽ ከላይ ስታዪው ሙሉ ክብ ለመሆን ምንም አይቀረው። አሁን መልሰሽ ቁጭ በይና የሲኒውን መቀመጫ ተመልከቺ። ከዓይንሽ ይበልጥ ዝቅ ስላለ፣ የታችኛው ቅስት ከላይኛው ይልቅ ወደ ክብ ያደላል። ጀማሪ ግን ሲኒው ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን ስለሚያውቅ ታችኛውን በቀጥታ መስመር ይዘጋዋል። አፉን ደግሞ ግራና ቀኙን አሹሎ የዓይን ቅርጽ ያስይዘዋል። ሞላላ ሹል ጫፍ የለውም። የቱንም ያህል ጠባብ ቢሆን ጫፉ ላይ ዞሮ ይመለሳል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ሲስተካከሉ ሲኒው ወረቀቱ ላይ ቁጭ ይላል። ዛሬ ማታ ሞክሪው፣ የአሥር ደቂቃ ነገር ነው።

ለልምምዱ አንድ ገጽ ሙሉ ሞላላ ሥሪ፣ ጠባቡንም ሰፊውንም። እጅሽን ሳታነሺ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ዙሪበት። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር ሲገጣጠም እጅሽ እየተገራ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሳጥን። ሐዋሳ መሆንሽ እዚህ ላይ ተመቸ። ከገብርኤል ወደ ሐይቁ የሚወስደው አስፋልት ዳር ቁሚና ወደ ፊት ተመልከቺ። የመንገዱ ሁለት ጠርዝ፣ የዛፎቹ ጫፍ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ ራስ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ያ ቦታ በዓይንሽ ከፍታ ላይ ነው። ከዓይንሽ በላይ ያለው እየወረደ፣ ከዓይንሽ በታች ያለው እየወጣ ወደዚያው ይሄዳል። ፐርስፔክቲቭ እያሉ የሚያስፈራሩሽ ነገር ዋናው ይሄው ነው።

ፋርማሲ ስለምትሠሪ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ሞልቶሻል። አንዱን ይዘሽ ግቢና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። አሥራ ሁለት ጠርዝ አለው፣ በሦስት አቅጣጫ አራት አራት ሆነው የሚሄዱ። የአንድ አቅጣጫ አራቱ ጠርዞች እየራቁ በሄዱ ቁጥር መጠጋጋት አለባቸው። የሚታዩትን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተደበቁትንም አስምሪ፣ ካርቶኑ ብርጭቆ ቢሆን እንደሚታየው ማለት ነው። ስትጨርሺ በቀይ እስክሪብቶ አራቱንም ወደ ኋላ አስረዝሚያቸው። ከመጠጋጋት ይልቅ ከተራራቁ ስህተትሽ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። አስተማሪ አጠገብሽ ስለሌለ ቀዩ እስክሪብቶ አስተማሪሽ ነው። ሳጥን ላይ ወር ብትቆዪ አይብዛብሽ። ቤት፣ ታክሲ፣ ወንበር፣ የሰው ደረት ሳይቀር ከሳጥን ነው የሚጀመረው፣ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው በኋላ ሁሌ ይቸገራል።

መስመር፣ ሞላላና ሳጥን እጅሽ ሲገቡ ወደ ጀበናው ተመለሺ። ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ሲሊንደር ነው። ማቶቱ ላይ አስቀምጪውና መጀመሪያ ለኪው። ክንድሽን ሙሉ በሙሉ ዘርጊ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ የእርሳሱን ጫፍ ከጀበናው አፍ ጋር አገናኝተሽ አንገቱ የሚያልቅበት ላይ አውራ ጣትሽን አቁሚ። ያ ልክ በሆዱ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ክንድሽ ከታጠፈ ልኩ ይበላሻል፣ ስለዚህ ሁሌም ቀጥ ይበል። መያዣው ሲያስቸግርሽ ደግሞ መያዣውን ተዪው። በመያዣውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ አይተሽ የእሱን ቅርጽ ሳይ። መያዣው ምን መምሰል እንዳለበት አእምሮሽ አስቀድሞ የወሰነው ሥዕል አለው፣ ያ ሥዕል ደግሞ ያሳስትሻል። ስለ ባዶ ቦታው ግን ምንም ስለማያውቅ ያለውን እንዳለ ታዪዋለሽ። ይሄ ዘዴ ሲገባሽ ደስ ይልሻል።

ሼድ ላይ ቀድሞም ልምድ ስላለሽ ብዙ አልልሽም። አንድ እንቁላል ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪ፣ ሌላውን መብራት አጥፍተሽ በአንድ በኩል ብቻ አብሪበት። ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ስታዪው ብርሃን ያለበትና የሌለበት ሁለት ትልልቅ ክፍል ይለያል። መጀመሪያ እነሱን ለዪ። በጥላው ውስጥ፣ ወደ ታች ጠርዙ አካባቢ፣ ከወረቀቱ ተመልሶ የመጣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ታያለሽ። ብዙ ሰው እሱን ሲያገኝ ደስ ይለውና በጣም ያነጣዋል። የቱንም ያህል ቢበራ ጥላ ውስጥ ነው ያለው፣ ብርሃኑ ካረፈበት ጎን እኩል ሊሆን አይችልም።

ወደ ሰው ስትመጪ ሁለት የተለያዩ ልምምዶች ናቸው። አንደኛው ቀስ ተብሎ የሚሠራው ፊት ነው። ዓይን ያለው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሃል ላይ ነው። መስታወት ፊት በእርሳስ ለኪና አረጋግጪ። ሁላችንም ዓይንና አፍ ስለምናይ ግንባርና አናቱን አሳንሰን ዓይኑን ወደ ላይ እንሰቅለዋለን። ስልክ ደግሞ በቅርብ ሲያነሳ አፍንጫን ስለሚያተልቅ፣ ከፎቶ የለመድሽው ልክ በሕይወት ካለው ሰው ጋር ላይገጥም ይችላል። ይሄንንም አስቢበት።

ሁለተኛው ፈጣኑ ነው። ሰላሳ ሰከንድ፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ። ፊት የለም፣ ጣት የለም። ሰውየው ወዴት አዘንብሏል፣ ክብደቱ የትኛው እግሩ ላይ ነው፣ ጀርባው እንዴት ጎብጧል፣ እሱ ብቻ። ሲነሳ ተዪውና ቀጣዩን ጀምሪ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ውረጂ። ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግመው ስለሚሠሩት የቀረሽን በሚቀጥለው ታሟያለሽ። ከሰው ካፈርሽ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አሉልሽ። እንደ እነሱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሞዴል የትም አታገኚም፣ ማንቁራቸው፣ ቀጫጭን እግራቸው፣ የተሰበሰበው ክንፋቸው በጥቂት መስመር የሚያዝ ነው። እናትሽም ቡና ሲያፈሉ ያው ናቸው፦ ሲያጥቡ፣ ሲቆሉ፣ ሲቀዱ አቀማመጣቸው ይመላለሳል። አራት አምስት ትናንሽ ስኬች (ፈጣን ንድፍ) አንድ ወረቀት ላይ ጀምሪ፣ እሳቸው ወደዚያ አቀማመጥ በተመለሱ ቁጥር አንቺም ወደዚያኛው ስኬች ተመለሺ። ፊታቸውን ለመጨረሻ አቆዪው።

አንድ ሰዓቷን እንዴት ትከፋፍያት? እኔ ግማሹን ለልምምድ፣ ግማሹን ደግሞ ለፈለግሽው ሥዕል ስጪው እላለሁ። ይሄን ሁለተኛ ግማሽ አደራ አትንኪው። ከምናብሽ ሳይ፣ ከፎቶ ሳይ፣ የዘፋኙን ፊት ሳይ፣ ያስቃል አያስቃል አትበይ። ብዙ ሰው ሳጥን ብቻ እየሠራ ሦስት ሳምንት ይቆይና ሥዕሉን ጨርሶ ይጠላዋል። ዩቲዩብ ላይ ግራ ያጋቡሽ ሦስቱም ልክ ናቸው እኮ። መስመሩም፣ ሳጥኑም፣ የምትወጂውን መሳሉም ያስፈልጋል፣ ቅደም ተከተሉን ግን አልነገሩሽም። አንዱን አስተማሪ ምረጪና እስከ መጨረሻ ተከተዪው። በየቀኑ አዲስ ቪዲዮ ማየት የተማሩ ያስመስላል፣ እጅ ግን ባለበት ነው።

አንድ ቀን ቢያመልጥሽ በማግስቱ ሁለት ሰዓት አትቀመጪ። የዕለቱን ብቻ ሥሪ። ማካካስ ውስጥ የገባ ሰው ዕዳው ሲከመርበት ይተወዋል።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ለተወሰኑ ወራት ሥራሽ አሁን ከምትሠሪው የከፋ ይመስላል። የኳስ ተጫዋች ፊት ስትለጥፊ የሚያጨበጭብልሽ ሰው ለሳጥንና ለሲኒ ላይክ አያደርግም። ጓደኛሽም "ምነው፣ ቆንጆ ትስዪ አልነበር?" ልትልሽ ትችላለች። ብዙዎች የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው፣ ወደ ካሬው። በእኔ እምነት ከጊዜም ከገንዘብም በላይ የሚፈትንሽ ይሄ ነው፣ አይዞሽ። ስለዚህ የልምምድ ወረቀትሽን ለማንም አታሳዪ፣ አትለጥፊ። ለራስሽ ግን አስቀምጪ። ቀን ጻፊ ያልኩሽ ለዚህ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ያንኑ ሲኒና ያንኑ ጀበና፣ ከዚያው ወንበር ላይ ሆነሽ ሳይና ካለፈው ወር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። የሰው ላይክ ቀርቶ የራስሽ ዓይን በየቀኑ የማያየውን ለውጥ በወር ያየዋል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ አትቆጪ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱትና አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትልቅ ቦታ ነው፣ አንድ ቀን ዕድሉ ከገጠመሽ ግቢ። ትምህርት ቤት የሚሰጥሽና ቤትሽ የማታገኚው ትልቁ ነገር ሥራሽን አይቶ የሚያርምሽ ሰው ነው። እስከዚያው እዚያው ሐዋሳ የሚሥሉ አንድ ሁለት ሰዎች ፈልጊና በሳምንት አንዴ አብራችሁ ተቀመጡ። ስታሳያቸው "ቆንጆ ነው?" ብለሽ አትጠይቂ፣ "የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" በያቸው።

እርሳሱን በተመለከተ፣ ያን በቆርቆሮ የሚሸጠውን ውድ ስብስብ አሁን አትግዢ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እስክሪብቶ ነው የምትሠሪው። ሼድ ስትጀምሪ አንድ ኤችቢ፣ አንድ 2ቢ፣ አንድ 6ቢ ይበቁሻል። ኤችቢው ለቀላል ንድፍ፣ 2ቢው ለአብዛኛው ሥራ፣ 6ቢው ለጥቁሩ ጥላ። ገንዘብሽን ወረቀት ላይ አውዪው፣ ጥሩው ወረቀት ግን አይደለም። ውድ ደብተር ሲሆን እንዳይበላሽብሽ እያልሽ እጅሽ ይታሰራል። የተራውን የኤ4 ፓኬት ግዢ፣ 500 ወረቀት አለው፣ በሁለቱም ገጽ ሥሪበት፣ ሲያልቅም ሌላ ግዢ።